ከሞጣው ዋንዛ ሥር

ሥራ ላይ ሳለሁ «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «የደን ባለሙያ ነኝ» እል ነበር። ሰው ጫካ ለጫካ የምዞር ይመስለዋል። ቢቸናና ሞጣ ዙሪያ ጫካ የሚባል ነገር ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ብዙም የለም። እውነቱን ለመናገር የሥራ ዘመኔ ያለፈው አጥር ላይ ነው። የአንዱ ዛፍ የሌላው ጣሪያ ላይ ሲያዘነብል፣ የአንዱ ባህር ዛፍ የሌላውን ማሳ ሲያደርቅ፣ መቁረጥ የተከለከለን አገር በቀል ዛፍ አንዱ ሲወደው ሌላው ሲመረው፣ ቀበሌው ወይም ፍርድ ቤቱ «ባለሙያ ይየው» ይላል። ያ ባለሙያ እኔ ነበርኩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ወጣቱ ኃላፊያችን «ኬዝ ክሎዝ በማድረግ እትዬ ሙሉን የሚያክል የለም» ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበ። አንድ ያልተዘጋ ጉዳይ ግን ይዤ ነው የወጣሁት። እሑድ እሑድ በፌስታል ተቋጥሮ እጄ ላይ ይንጠለጠላል። እሱን ለመናገር ከቢቸና መጀመር አለብኝ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ልጅ ሳለሁ ግንደወይን አካባቢ ተድሬ ነበር፤ ትዳሩ አልሆን ሲል ቢቸና አክስቴ ዘንድ መጥቼ ማታ ማታ ፊደል ቆጠርኩ። እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ ሲወጡ እኔ ደብተር ይዤ በጓሮ በኩል እሾልክ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ ፊደል ላይ አይቀልድም። ያየውን እንዳየው፣ የተባለውን እንደተባለ ካልተናገረ የተማረው የሚወሰድበት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ባልደረቦቼ ቃለ ጉባኤ ጽፈው ሲያሳዩኝ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር አርምባቸው ስለነበር «ሙሉ ሳታየው ቶሎ ፈርሙ» ይባባሉ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ።

ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት ቢቸና ችግኝ ጣቢያ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለመጽሐፍ ይበቃ ነበር፤ ሌላ ወጪ አልነበረኝም። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን «ዛፍ ድምፅ አይሰጥም» እያለ ከሰው ጋር የሚያጣላውን ጉዳይ ሁሉ ጋሽ ሰይድ ላይ ይጥል ነበር። ጋሽ ሰይድም ረዳት ፈለጉና እኔን ወሰዱኝ።

ጋሽ ሰይድ የሞጣ ሰው ናቸው። አባታቸውም ወንድሞቻቸውም ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሳቸው ብቻ ከሱቁ ሸሽተው እንጨት ውስጥ ገቡ። ቤተሰቦቻቸው «ክንድ በሚለካበት ቤት ተወልዶ ግንድ ሲለካ የሚውል» ይሏቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነበር። ሥራን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩኝም በቃል ሳይሆን በልማዳቸው ነው።

የተጣሉበትን ዛፍ ከሁለቱም ደጃፍ ቆመው ያዩታል። ከባለዛፉ በር ላይ ሲታይ ጥላና ግርማ ነው፤ ከጎረቤቱ በር ላይ ሲታይ የሚወድቅ ነገር ነው። «ከአንድ ደጃፍ ያየ ሰው ዛፉን አላየውም» ይላሉ። ከዚያ በትንሿ መጥረቢያ ጀርባ ግንዱን ዙሪያውን ኳ ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጤነኛ ግንድ ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው፤ የበሰበሰው ግን እንደ ከበሮ ከውስጥ ይመልሳል። ቀጥለው ሥሩን ጫር አድርገው አፈሩን ያሸታሉ፤ ከጠረጠሩም ይቀምሱታል።

ከተጣሉ ሰዎች ቤት እህል ውሃ አይቀምሱም። ጠላ ሲቀርብላቸው «ጾም ላይ ነኝ» ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ጣሳውን እንደያዘች፦

«ጋሽ ሰይድ፣ የእርስዎ ረመዳን መቼ ነው የሚፈታው?» አለቻቸው።

«ሁለት የተጣላ ጎረቤት ባለበት ዓመቱን ሙሉ ረመዳን ነው እመቤቴ።»

ከሁሉም የገረመኝ ግን ባለጉዳዮቹን የሚያስቀምጡበት መንገድ ነው። ሁለቱንም ከዚያው ከተጣሉበት ግንድ ጋር ጀርባቸውን አስደግፈው ያስቀምጧቸዋል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። «ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ይሟገታል፤ ፊት የማያይ ሰው ግን ያወራል» ይሉኝ ነበር። ባህር ዛፍ ያጣላቸውን ሁለት ሽማግሌዎች እንዲህ ሲያስቀምጧቸው አስታውሳለሁ። አያ ደሴና አያ ምንይችል ይባላሉ፤ ድንበርተኞች ናቸው።

«ያንተ ባህር ዛፍ ካንተ በምን ይለያል? ቆሞ የሰው ይጠጣል!» አለ አያ ምንይችል ወደ ምዕራብ እያየ።

«ያንተ መሬት ባህር ዛፍ ሳይኖርስ ከአረም በቀር ምን አብቅሎ ያውቃል?» አለ አያ ደሴ ወደ ምሥራቅ እያየ።

«አረሙን እንኳ ነዋ የነሳኸኝ!»

አያ ደሴ ሳቁ አመለጠው። የሳቀውን ሰው ማየት ስላልቻለ ሌላኛውም ሳቀ። ለድንበሩ የቀረቡት ሁለት ረድፍ እንዲነሱ ተስማሙና ጉዳዩ በዚያው አለቀ። እኔ ቆሜ ስጽፍ ነበር፤ ሳቁን ግን አልጻፍኩትም፤ የት እንደሚጻፍ አላወቅሁም።

ከጋሽ ሰይድ ጋር የተለያየንበት አንድ ነገር አለ፤ ለኋላው ስለሚጠቅም ልናገረው። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶን የመሰለ አገር በቀል ዛፍ ቆሞ ሳለ መቁረጥ አይፈቀድም፤ በራሱ ጊዜ ከደረቀ ግን ባለሙያ አይቶ ይፈቅዳል። ሰውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ መቁረጥ የተከለከለ በድብቅ ያደርቃል። ሥሩ ላይ የፈላ የጨው ውሃ ይደፋል፣ ረመጥ ይከምራል፤ ብልሁ ደግሞ አፈሩን ገልጦ ከመሬት በታች ያለውን ልጥ ዙሪያውን ይልጥና መልሶ ይቀብረዋል። ዛፍ ምግቡ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ስለሆነ ቀለበቱ ከተዘጋ ይራባል። ከላይ ሲያዩት ምንም የለበትም፤ ጊዜውን ጠብቆ ይደርቃል።

ቢቸና ውስጥ አንድ ዝግባ ደረቀ። አጠገቡ እህል ነጋዴ አዲስ መጋዘን ሠርቷል፤ ዝግባው የጎረቤቱ ነው። ጋሽ ሰይድ አፈሩን ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

«ምን አገኙ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ወጥ» አሉኝ፤ ጨው ጨው ይላል ማለታቸው ነው።

ነጋዴውን ክንዱን ይዘው ወደ መጋዘኑ ጀርባ ወሰዱት። ሲመለስ ላብ አጥምቆታል። ለተሰበሰበው ሰው «ዛፉ ታሞ ደርቋል፤ ይቆረጥ። ባለመጋዘኑ ስለ ጉርብትና ብለው እዚያው ሌላ ዝግባ ይተክላሉ፤ እስኪጸድቅም ውሃ ያጠጣሉ» አሉ። ሰው መርቆ ተበተነ። መንገድ ላይ አልቻልኩም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«ታሞ ደረቀ ያሉት።»

«ሰው የሚባል በሽታ ነው የያዘው። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

 ደስ እንዳላለኝ አይተው ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ በዝቶብሻል። በዚህ አገር ‹ተገደለ› ብሎ መሄድ የለም። ገዳዩን ካላወቅሽ ግድያውን አታውሪ፤ ካወቅሽም መጀመሪያ ለራሱ ለብቻው ንገሪው። ባዶ ቦታ ከተውሽ ሰው የጠላውን ስም ይከትበታል። ደግሞ ከመናገርሽ በፊት ሁልጊዜ ዳር ላይ ዝም ያለውን ሰው ፈልጊ።»

አልተቀበልኳቸውም። ባለሙያ ያየውን ይናገራል፤ ሌላው የፖሊስና የሽማግሌ ነው ብዬ አመንኩ። ጋሽ ሰይድ ጡረታ ወጥተው ወደ ወንድሞቻቸው ሞጣ ተመለሱ። እኔ ዓመታት ቆይቼ ወደ ሞጣ ስዛወር ቀብራቸው እንኳ ሣር አብቅሎ ነበር።

ሞጣ ውስጥ የተከራየሁት ቤት ከገበያው በላይ ነው። ዋንዛው የነበረው ደግሞ ከከተማው ዳር፣ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ባሏ የሞተባት፣ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነች። አንድ ልጅ አላት፤ ይበልጣል ይባላል። ባሏ ዋንዛውን የተከለው ይበልጣል በተወለደ ሰሞን ነው፤ የልጁ እትብትም እሥሩ ተቀብሯል። ጎረቤቷ አቶ ስማቸው የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። መኪናውን ተወና በአጥሩ ጥግ የሚከራዩ ክፍሎች ሠራ። የዋንዛው ትልቁ ቅርንጫፍ ከቆርቆሮው በላይ ተዘርግቷል፤ ፍሬው ሲረግፍ ተከራይ ያባንናል፤ ሥሩም ግድግዳውን ሰንጥቆታል።

ስማቸው መጀመሪያ ቢሮ ሲመጣ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ ሙሉ፣ ተከራዮቼ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ የሚወረውር ጋኔን አለ ብለው ሊወጡብኝ ነው። ጋኔኑ ዋንዛ መሆኑን መጥተሽ መስክሪልኝ።»

ሄድኩ። ከሁለቱም ደጃፍ ቆሜ አየሁት። ግንዱ ሲመታ ድምፁ እንደ ድንጋይ ነው፤ ጤነኛ ነው። አይቆረጥም አልኩ። ለሁለቱም ቤት ቆሜ አስረዳሁ፤ «ቆሞ ሳለ አይቻልም፤ የደረቀ ቢሆን ኖሮ እፈቅድ ነበር» አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትሰማኝ ነበር። ጣሪያው ላይ የወጣው ቅርንጫፍ ብቻ እንዲነሳ ወሰንኩ።

ቅርንጫፍ ማንሳት እንደ ማገዶ መቁረጥ አይደለም። መጀመሪያ በገመድ ከላይኛው ግንድ ጋር ይታሰራል። ከዚያ መጋዙ ከሥር በኩል ጥቂት ይገባል፤ ያ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል፤ ቁስሉም አይድንም። ከላይ የሚቆረጠው ቀጥሎ ነው፤ የቀረው ጉጥ ደግሞ ከአንገቱ ላይ ይስተካከላል። እኔ ከሥር ቆሜ አስቆረጥኩት። ቅርንጫፉ በገመድ ቀስ እያለ ሲወርድ ስማቸው አጨበጨበና «በሉ አልቅሱለት፣ ሬሳው እየወረደ ነው!» አለ። እንደ ወትሮው ሊያስቅ ነው። ይበልጣል ግን መጥረቢያውን አንስቶ አጥሩን ተሻገረ።

«እትብቴ ላይ ነው የምትስቀው?»

እትዬ ጥሩወርቅ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። መሬት ለመሬት እየተጎተተች አልለቀው አለች። ሰው ገብቶ ገላገላቸው። መጥረቢያው ሲወሰድ ፊቷን አየሁት፤ አመድ መስሏል። እኔ ያን ቀን የተጠነቀቅሁት ለዋንዛው ቁስል ነበር።

በተከታዩ ክረምት ዋንዛው ቅጠል አላወጣም። መስከረም ላይ የአገሩ ዋንዛ ሁሉ ነጭ አበባውን አውጥቶ ንብ ሲጠራ ያኛው ራቁቱን ቆመ። ስማቸው የደረቀ ዛፍ ፈቃድ ሊጠይቅ ቢሮ መጣ። በመንገዱ ላገኘው ሁሉ «እትዬ ሙሉ ብትከለክለኝ እግዜር ራሱ ፈረመልኝ!» እያለ ነው የመጣው። ይህን ቀልድ ይበልጣልም ሰምቶታል።

ሄድኩ። ሁለቱን ወንዶች ከግንዱ ጋር ጀርባቸውን አስደግፌ አስቀመጥኳቸው፤ የጋሽ ሰይድ ልማድ ነው። አፈሩን መቆፈር ስጀምር እትዬ ጥሩወርቅ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«ልጄ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? የደረቀ ደረቀ። ፈቃዱን ስጪው ይቁረጠው።»

«አይደለም እትዬ፣ አይቼ ነው የምፈቅደው።»

«ለእኔ ብለሽ ተይው። እኔ ባለዛፏ እሺ ካልኩ ምን ቀረሽ?»

እዚያ ላይ ጋሽ ሰይድ ቢሆኑ ዶማውን ያስቀምጡ ነበር። ባሏ የተከለውን፣ የልጇ እትብት ያለበትን ዛፍ ይቁረጡት ብላ የምትለምን እናት ለምን እንደምትለምን ይጠይቁ ነበር። እኔ ቆፈርኩ። ከአፈሩ ሥር ጭድ አገኘሁ፤ ከጭዱ ሥር ተልጦ ተመልሶ የተለበጠ ልጥ። አንድ በአንድ አነሳሁት። ቀለበቱ ዙሪያውን ተዘግቷል። ንጹሕ ሥራ ነው። ደስ ያለኝ እንኳ ይመስለኛል፤ ማንም ያላየውን ስላየሁ።

ብድግ ብዬ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገርኩ፦

«ይህ ዛፍ በበሽታ አልደረቀም። ከመሬት በታች ልጡ ዙሪያውን ተልጧል። ተገድሏል።»

ይበልጣል ከግንዱ ጀርባውን አላነሳም። ወደ ፊቱ እያየ «ማን?» አለ።

«እሱን አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«የማን እጅ እንደሆነ አላየሁም። ያየሁትን ነው የምናገረው።»

ከግንዱ ወዲያ ማዶ ስማቸው «እኔን እንዳትሉኝ ብቻ፤ እኔ ጎማ እንጂ ልጥ ፈትቼ አላውቅም!» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የይበልጣልን ፊት ከተቀመጠበት ሊያየው አይችልም ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ጉድጓዱ አጠገብ እንደተቀመጠች ቀረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ለፖሊስ አመለክታለሁ ብዬ፣ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቄ ሄድኩ።

የዝምታዋን ምክንያት በኋላ ራሷ ነግራኛለች። ለልጇ ማታ ለብቻው ልትነግረው አስባ ነበር። ማታ ወደ ቤት አልመጣም። ጠዋት ስማቸው ተከራዮቹ ደጅ ላይ የደረቀ ቅጠል እየጠረገ ሳለ ይበልጣል በመጥረቢያ መታው። ወደ ባሕር ዳር ሊወስዱት መኪና ላይ ጫኑት፤ መንገድ ላይ አረፈ። በሹፌርነት የኖረበትን መንገድ በሰው መኪና ተኝቶ ሄደ። ይበልጣል ወደ ዓባይ በረሃ ሊወርድ ሲል ተያዘ።

ቢሮ ውስጥ ኃላፊያችን «አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው» አለኝ። ሌሎቹም ያንኑ ደገሙልኝ። እውነት ነው፤ ሥራዬን ነው የሠራሁት። በዚያ ሰሞን ማንም እንዲህ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍርድ ቤት ውስጥ ይበልጣል የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «እትብቴን ገደለብኝ።» ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ዳኛው ግራ ገባቸው። «ሟችን?»

«ዋንዛውን።»

ችሎቱ አጉረመረመ። ልጇን ለማዳን ነው አሉ። አንዱ ዘመድ «እናት አንጀት!» ሲል ሰማሁ። የስማቸው ወንድሞች ደግሞ «ወንድማችንን ገድለው በዛፉም ሊቀልዱብን ነው» ብለው ተነሱ። እሷ ቆማ ቀጠለች፦

«መጥረቢያ ያነሳ ለታ ነው ልቤ የቆረጠው። ዛፉ ካለ ልጄ ሰው ይገድላል አልኩ። ባለሙያዋ ‹ከደረቀ ይፈቀዳል› ስትል ሰማሁ። የታመመ ይመስላል፣ ማንም ማንንም አይጠረጥርም ብዬ ይበልጣል አውድማ ሲውል ላጥኩት።»

የሚያምናት አልተገኘም። ችሎቱ እኔን ወደ ዛፉ መልሶ ላከኝ፤ የማን እጅ እንደሆነ አይቼ እንድናገር።

ከፖሊስ ጋር ሄጄ ጉድጓዱን እንደገና ከፈትኩት። በመጀመሪያው ቀን ያየሁትን አሁን አነበብኩት። የመጥረቢያ ወይም የገጀራ ምት አይደለም። አጫጭር፣ ብዙ፣ ወደ ራስ የተሳበ ጭረት ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ቁጭ ብሎ፣ እያረፈ፣ ዙሪያውን እየተንፏቀቀ የሠራው። በእያንዳንዱ ጭረት መሐል አንድ ቀጭን መስመር ሳይላጥ ቀርቷል። ስለቱ የተሸረፈ መሣሪያ እንዲህ ያለ መስመር ይተዋል። እትዬ ጥሩወርቅን ማጭዷን አምጪ አልኳት። ከጣሪያው ሥር መዝዛ ሰጠችኝ። ሽርፉን ከመስመሩ ጋር አስተያየሁት፤ ገጠመ። ከቀለበቱ በታች ገና እርጥብ በሆነው ልጥ ላይ ሞከርኩት፤ ያው መስመር ወጣ። ጭዱም ከእሷ አውድማ ነው። ሬሳ እንደሚሸፈን አድርጋ ነው የሸፈነችው።

«ልጄ፣ እንደኔ ነው አይደል?» አለችኝ።

«እንደእርስዎ ነው እትዬ።» አንቺ ብያት የማውቃትን ሴት ያን ቀን አንቱ አልኳት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ይህንኑ መሰከርኩ። ስማቸው ዋንዛውን እንዳልነካ በአደባባይ ተነገረ። ወንድሞቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ደም ለማድረቅ የመጡትን ሽማግሌዎች ለመስማት እሺ አሉ። ለዚህ ምስክርነቴ ጠቅሟል። ይበልጣል ግን የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ያዳመጠው ሌላ ነገር ነው፤ በከንቱ የገደለውን ሰው ስምና የእናቱን እጅ። ዘወር ብሎ አላያትም። ተፈርዶበት ወደ ማረሚያ ቤት ሲወሰድም አላያትም።

ዋንዛው ዛሬም ደርቆ ቆሟል። ለመቁረጥ ያመለከተ የለም። ከቀለበቱ በታች በስማቸው ግቢ በኩል ቀንበጥ ያወጣል፤ የስማቸው ሚስት በየክረምቱ ትቀጥፈዋለች። መከልከል ነበረብኝ። አልከለከልኳትም።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን እትዬ ጥሩወርቅ በሬን አንኳኳች። ከነጠላዋ ሥር የበሶ ቋጠሮ አወጣች። ስንቅ ስትወስድለት ይበልጣል «የሷ ከሆነ አልቀበልም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ከስቷል አሏት።

«አንቺ ውሰጂለት ልጄ። ካንቺ ነው በይው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ። ውሸት አትወጂም።»

 ጋሽ ሰይድ ያኔ የነገሩኝ ዳር ላይ ዝም ያለ ሰው በሬ ላይ ቆሟል። ቋጠሮውን ተቀበልኳት።

እሑድ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ፈታሹ ቋጠሮውን ፈታና «ይቅመሱ እማማ» አለኝ። ደንብ ነው፤ የሚገባ ምግብ ያመጣው ሰው መጀመሪያ ይቀምሰዋል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከተጣላ ቤት እህል አልቀመስኩም፤ ውሃም ቢሆን። ቆንጥሬ አፌ ውስጥ አደረግሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ገብሷን ከሰው አብልጣ ታምሰዋለች፤ በሶዋ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር አዝሙድ የበዛበት፣ ጨው ያነሰው ነው። ሞጣ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላውቅም።

ይበልጣል ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ቋጠሮውን ፈታ። ቀለሙን አየ። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ያን ቀን ከግንዱ ሥር እንደጠየቀኝ ዓይነት ድምፅ፦

«የማን እጅ ነው?» አለኝ።

«የእኔ» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። እናቱ የሠራችውን እንደማያጣው ዓይኑ ይናገራል፤ እኔም እንደማያጣው አውቃለሁ። ቆንጥሮ አፉ ውስጥ አደረገ፣ አኘከ። ዋጠው።

«በርቺ እትዬ ሙሉ» አለኝ። «ለሚቀጥለው ጨው ጨምሪበት።»

ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ጨው ጨመረችበት።